የያዙትን ስለ መጣልና ከፍሎ ስለ ማየት

በድሬዳዋ ከተማ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ፣ የቀኑ ወበቅ በረድ ሲልና በከዚራ ዛፎች መካከል ነፋስ መመላለስ ሲጀምር፣ ሰው ከየቤቱ እየወጣ በየጥላው ሥር ይሰበሰባል። አንዱ ዳማ፣ አንዱ ዶሚኖ፣ አንዱም ካርታ ይዞ ይቀመጣል። እኔም ከመሥሪያ ቤት ስወጣ ከነዚህ ሰዎች አጠገብ ወንበር ስቤ ጨዋታቸውን መመልከት ልማዴ ነው። በገንዘብ ግን አልጫወትም፤ ይህንንም የምለው ራሴን ጻድቅ ለማስመሰል ሳይሆን ደመወዜ የማይፈቅድልኝ ስለ ሆነ ነው። ቁማር ስንቱን ትዳር እንደ በተነ፣ ስንቱን ልጅ ከትምህርት ቤት እንዳስቀረ አንባቢ ያውቀዋልና በዚህ ላይ ጊዜ አላጠፋም። ዳሩ ግን ከጨዋታዎቹ መካከል ፖከር የሚባለው አንድ ጥያቄ አለበት፤ ጥያቄውም ከካርታው ጠረጴዛ አልፎ ወደ ሰው ኑሮ የሚገባ ሆኖ ስላገኘሁት ጥቂት ልጽፍበት ፈለግሁ።

የጨዋታው ሥርዓት በአጭሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ካርታው ሳይታደል ጥቂት መነሻ ገንዘብ ከመካከል ያስቀምጣል። ከዚያም የደረሱትን አምስት ካርታዎች ለብቻው ያያል፤ የጓደኛውን አያይም። አንዱ ገንዘብ ሲጨምር በሚቀጥለው ሰው ፊት ሦስት መንገዶች ይቀርባሉ፤ ወይ ከዚያ የበለጠ ይጨምራል፣ ወይ የተጠየቀውን ያህል ብቻ ከፍሎ ለማየት ይቀመጣል፣ ወይ ካርታውን ጥሎ ይወጣል። የጣለ ሰው እስከዚያ ያስገባውን ያጣል፤ ከዚያ በላይ ግን አያጣም። ከፍሎ ያየ ሰው ወይ ሁሉን ይወስዳል፣ ወይ በኪሳራው ላይ ሌላ ኪሳራ ይጨምራል። የመጨመሩን ነገር ለጊዜው ልተወውና፣ እኔን ያሳሰበኝ የኋለኞቹ የሁለቱ ነገር ነው። መቼ መጣል፣ መቼስ ከፍሎ ማየት ይገባል?

የአገራችን የቆዩ ጨዋታዎች ይህን ጥያቄ በዚህ መልክ አያቀርቡትም። በገበጣ ጠጠሩ ሁሉ ከየጉድጓዱ ውስጥ ይታያል። በመኳንንቱ ቤት ይወደድ የነበረው ሰንጠረዥም እንኳ፣ በመጀመሪያው ላይ አንዱ የሌላውን እስኪገድል ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደ ፈለጉ የሚያንቀሳቅሱበት ግርግር ቢኖረውም፣ ሠራዊቱ በሙሉ በግልጥ የተሰለፈ ነው። በተሸሸገ ነገር ላይ ዋጋ እየከፈሉ መቀጠልን አባቶቻችን ያውቁት የነበረው ከጨዋታ ይልቅ በችሎት ነው። በዱሮው የሙግት ሥርዓት ተሟጋቾች በነገራቸው እውነተኛነት ላይ ይወራረዱ ነበር፤ አንዱ በማር ሲል ሌላው በበቅሎ ወይም በፈረስ እያለ ውርርዱን ከፍ ያደርጋል፤ የተረታውም የተወራረደበትን ይከፍላል። ይህ ሥርዓት ሐሰተኛውን ለማስፈራት የታሰበ ይመስለኛል፤ ሐሰተኛ በቅሎውን ለማጣት አይደፍርም ተብሎ ይሆናል። ነገር ግን እውነት ይዞ በቅሎ የሌለው ድሀ ምን ያደርግ ነበር? ይህን ጥያቄ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። አንድ ሰው ከአምስቱ ካርታዎቹ አራቱ የልብ ምልክት ያለባቸው ናቸው እንበል። አምስተኛዋን ጥሎ ሌላ የልብ ካርታ ቢያገኝ ያሸንፋል፤ ባያገኝ ይሸነፋል። ካርታው በሞላው 52 ነው፤ አምስቱን ራሱ ስላየ ያላየው 47 ነው። የልብ ምልክት ያለባቸው 13 ሲሆኑ አራቱ በእጁ ናቸውና የቀሩት 9 ናቸው። እንግዲህ ከ47ቱ 9ኙ ለእርሱ፣ 38ቱ በእርሱ ላይ ናቸው ማለት ነው። ከመካከል 100 ብር ተከማችቶ ለመቀጠል 20 ብር ቢጠየቅ፣ ይህ ዕድል 47 ጊዜ ቢደጋገምለት 9 ጊዜ መቶ መቶ ብር አግኝቶ 900 ብር ይሰበስባል፤ 38 ጊዜ ደግሞ ሃያ ሃያ ብር ከስሮ 760 ብር ያወጣል። ስለዚህ መክፈሉ ያዋጣዋል። የተጠየቀው 30 ብር ቢሆን ግን ወጪው 1140 ብር ስለሚሆን መጣል አለበት። ካርታው ያው ነው፤ ሰውየውም ያው ነው፤ የተለወጠው የመቀጠያው ዋጋ ብቻ ነው። እኛ ግን በ20 ብርም በ30 ብርም የተቀመጠውን «ደፋር»፣ በሁለቱም የወጣውን «ፈሪ» ብለን እንጠራለን።

በዚህ ስሌት ውስጥ አንድ ቁጥር እንደሌለ አንባቢ አስተውሎ ይሆናል። ከመካከል ካለው ከመቶው ብር ውስጥ ሰውየው ራሱ ያስገባው ስንት እንደ ሆነ አልተጠየቀም። ስልሳው የእርሱ ቢሆን ወይም አሥሩ ብቻ፣ ስሌቱ አይለወጥም። ከጥላው ሥር የማያቸው ሰዎች ግን ከሁሉ አስቀድመው የሚቆጥሩት ይህንኑ ነው። «ይህን ያህል አስገብቼ እንዴት እወጣለሁ?» ይላሉ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም የሚለውን ተረት የማያውቅ ከመካከላቸው አንድም የለም፤ ሲመክሩ ይናገሩታል፤ ሲጫወቱ ግን ውኃውን ለማፈስ ሌላ እንስራ ውኃ ያፈሳሉ።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1654 ዓ.ም. ብሌዝ ፓስካልና ፒየር ደ ፌርማ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሊቃውንት ስለዚህ ዓይነት ነገር ደብዳቤ ተጻጽፈው ነበር። የቀረበላቸው ጥያቄ፣ አንድ ጨዋታ ሳያልቅ ቢቋረጥ ከመካከል ያለው ገንዘብ ለተጫዋቾቹ እንዴት ይከፈላል የሚል ነው። ከእነርሱ በፊት የነበሩ ሰዎች እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ያሸነፈውን እየቆጠሩ ለማካፈል ሞክረዋል። ሁለቱ ሊቃውንት ግን ፊታቸውን ወደ ፊት አዞሩ፤ ጨዋታው ቢቀጥል ኖሮ ሊደርሱ የሚችሉትን ነገሮች ሁሉ ቆጥረው ድርሻው በዚያ መጠን እንዲሆን አሳዩ። ዛሬ የኢንሹራንስ ባለሙያም ሆነ የባንክ ሹም የሚሠራበት የዕድል ስሌት መሠረቱ ከዚያ ጽሑፍ ጋር ይያያዛል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ለልብ ግን ከባድ ነው። እንግሊዝና ፈረንሳይን የሚያህሉ መንግሥታት እንኳ ኮንኮርድ የተባለውን ከድምፅ የሚፈጥን አውሮፕላን ሲሠሩ ወጪው እያደር ቢንር ለመተው አልቻሉም፤ አውሮፕላኑ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1976 እስከ 2003 ዓ.ም. መንገደኞችን ካመላለሰ በኋላ ቀረ፤ ያስገቡትን አስቦ ያለ መውጣት ስሕተት በስሙ እንዲጠራ ምክንያት ሆኖ ቀርቷል።

ነገር ግን እዚህ ላይ መቸኰል አያስፈልግም። ድሬዳዋ ራሷ እንደዚህ ካለ ጥያቄ ላይ የተወለደች ከተማ ናት። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ሐዲድ እንዲሠራ ፈቃድ ሰጡ፤ እርሱም ከፈረንሳዊው ከሌዎን ሸፍኔ ጋር ሆኖ ማኅበር አቋቋመ፤ ሥራውም ከጅቡቲ በኩል በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐረር ለመድረስ ነበር። ዳሩ ግን ሐዲዱን ከቈላው ወደ ተራራው ማውጣት የሚጠይቀው ወጪ ከማኅበሩ አቅም በላይ ስለ ሆነ፣ መስመሩ ሐረርን ትቶ ከተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተደረገ። በ1895 ዓ.ም. 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተሠርቶ ባቡሩ ከዚህ ቦታ ሲደርስ ስፍራው አዲስ ሐረር ተባለ፤ ይኸውም የዛሬዋ ድሬዳዋ ናት። እኛ የዚህ ከተማ ልጆች የተገኘነው እንግዲህ አንድ ሰው ካርታ ስለ ጣለ ነው።

ሐዲዱ ድሬዳዋ ሲደርስ የማኅበሩ ገንዘብ ተሟጥጦ ነበር። የፈረንሳይ መንግሥት በየዓመቱ ገንዘብ ሊረዳው ውል ቢገባ፣ ምኒልክ ለነጋዴ ማኅበር የሰጡት ፈቃድ ወደ ባዕድ መንግሥት እጅ መዞሩን አይተው እጅግ ተቈጡ። ከድሬዳዋ ወዲያ ያለው ሥራ ለዓመታት ቆመ፤ ማኅበሩም ከስሮ ፈረሰ። በ1900 ዓ.ም. ግን ለሌላ ማኅበር አዲስ ፈቃድ ተሰጠና ሥራው ቀጠለ፤ በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ፤ መስመሩም በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። እንግዲህ በ1900 ዓ.ም. የቀጠሉት ሰዎች «ይህን ያህል ወጥቶበት እንዴት ይቀራል» በማለታቸው ተሳስተዋልን? አልተሳሳቱም። የተሠራው 310 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ከመሬት ላይ ተዘርግቶ ነበርና፣ የቀረውን ለመሥራት የሚያስፈልገው ብረትና ሲሚንቶ በዚያው ላይ ተጭኖ ይመጣል። ግማሽ ድልድይ ለማንም አይጠቅምም፤ ሌላውን ግማሽ መሥራት ግን ሙሉ ድልድይ ያስገኛል። ስለዚህ ያለፈው ወጪ የሚቆጠርበት ጊዜ አለ፤ የሚቆጠረውም ስለ ወጣ ሳይሆን በፊት ለፊት ያለውን ነገር አርክሶት ወይም አቅርቦት እንደ ሆነ ነው። ይህንን ልዩነት ለይቶ ማወቅ ከቁማርተኛ ይልቅ ለእንደኛ ላለ የመንግሥት ሠራተኛ ያስፈልገዋል። በየቢሮው የተጀመረ ሥራ ሁሉ ራሱን ግማሽ ድልድይ ነኝ እያለ በጀት ይጠይቃልና።

አሁን ከታሪክ ወደ ቤቴ ልመለስ። አጎቴ በምድር ባቡር የጥገና ሥራ ቤት ከሠላሳ ዓመት ያላነሰ የሠሩ ሰው ናቸው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር መምጣቱን ሲያቆም፣ ከባልደረቦቻቸው አንዳንዱ ወደ አዲስ አበባ፣ አንዳንዱ ወደ ጅቡቲ፣ አንዳንዱም ወደ ጋራዥ ሥራ ዞረ። አጎቴ ግን አልተንቀሳቀሱም። ሌላ ከተማ ደኅና ደመወዝ ያለው የመካኒክነት ሥራ ተገኝቶላቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን «ባቡር ተመልሶ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል» ብለው ቀሩ። በመጀመሪያው ዓመት ይህ ሐሳብ መጥፎ አልነበረም፤ አዲስ መስመር እንደሚሠራ ይወራ ነበርና። በሁለተኛው ዓመት የቤቱ ቁጠባ አለቀ። ከዚያ በኋላ የባለቤታቸው የወርቅ አምባር ተሸጠ። በየዓመቱ የመቆየቱ ዋጋ ይጨምር ነበር፤ አጎቴም በየዓመቱ «ይህን ያህል ጠብቄ አሁን እንዴት እሄዳለሁ?» ይሉ ነበር።

ባቡሩስ መጣ። በ2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ተመረቀ፤ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀመረ። ዳሩ ግን የአሮጌው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ሲሆን የአዲሱ 1 ሜትር ከ435 ሚሊሜትር ነው፤ ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ብሎ የተሠራ ነው፤ ሞተሩም አጎቴ እጃቸውን ያስለመዱበት አይደለም። አጎቴ በአንድ ቀን ሄደው አይተውት ተመለሱ። ስለ ባቡሩ ምን እንደ ተሰማቸው ብጠይቃቸው በድሬዳዋ ልጅ ቋንቋ «አቦ፣ ተወኝ» አሉኝ፤ ከዚያ በኋላ አልጠየቅኋቸውም።

እኔ ለብዙ ጊዜ የአጎቴን ነገር የስሌት ስሕተት አድርጌ እቈጥረው ነበር። አሳቤን ያስለወጠችኝ ባለቤታቸው ናት። አንድ ቀን ቡና እያፈላች «ባቡሩን የጠበቁት እርሳቸው ናቸው፤ የመጠበቂያውን የከፈልኩት ግን እኔ ነኝ» አለችኝ። ቂም ይዛ አልነበረም የተናገረችው፤ እንደ ተራ ነገር አድርጋ ነው። ለእኔ ግን ከፓስካል ደብዳቤ የበለጠ ነገር ነገረችኝ። ከፍ ብሎ በተቀመጠው ስሌት ውስጥ የጠፋው ጥያቄ ይህ ነውና። በጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ገንዘብ የማን ነው? ተጫዋቹ ከፍሎ ሲያይ ዐይኑ የሚያየው ካርታውን ነው፤ ቤት ሆና የምትጠብቀው ሴት ግን ካርታውንም ሳታይ፣ ሳትጠየቅም ከፋይ ናት። አጎቴ አንድ ጊዜ እንኳ «አምባርሽን ልሽጠውና አንድ ዓመት ልጨምር ወይስ እንሂድ?» ብለው ቢጠይቋት፣ እርስዋም እሺ ብትል ኖሮ፣ ባቡሩ ያው ባቡር ሆኖ ቢመጣም በደል አልነበረበትም ባይ ነኝ። ኪሳራውና በደሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከዚህ ላይ በቅሎ ስለሌለው ተሟጋች የተውኩትን ጥያቄ ላንሣው። ያ የ20 ብሩ ጨዋታ ያዋጣል ያልነው 47 ጊዜ ሲደጋገም ነው። 38 ጊዜ ለመሸነፍ አቅም የሌለው ሰው ያ ስሌት የእርሱ አይደለም። የልጁን እራት የሚገዛበት 20 ብር ብቻ በኪሱ ያለው አባት፣ ካርታው ምንም ቢያምር፣ ከ47 ጊዜ 38 ጊዜ ልጁን ጦሙን የሚያሳድር ሥራ ላይ ነው። ሀብታሙ «ዕድሉ ያዋጣል» ብሎ ሲመክረው እውነት ተናግሯል፤ እውነቱ ግን የሀብታሙ እውነት ነው። ድሀ ስለሚጥል ፈሪ ነው የሚሉ ሰዎች ይህንን አላሰቡትም።

በሌላም በኩል መጣልን የሚወስን ሰው ጊዜውን አስቀድሞ መወሰን አለበት። የደቻቱ ወንዝ በአብዛኛው ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ዝናቡ የሚዘንበው ከላይ ከደጋው ስለ ሆነ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት አጥፍቷል። ያን ሌሊት በእንቅልፍ ላይ የነበረ ሰው የሚያሰላበት ጊዜ አልነበረውም፤ ማንም ሊወቅሰው አይችልም። ይህን የማነሣው ስለ ሌላ ነገር ነው። ያ ውኃ ካለፈ በኋላ ከወንዙ ዳር ቤት ያላቸው አንድ አዛውንት ጎረቤቴ ከሚስታቸውና ከልጆቻቸው ጋር ተማክረው፣ ክረምት ሲገባ በደጋው በኩል ደመና ከጠቈረ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ ከዘመድ ቤት እንዲያድር ደነገጉ። ብዙ ሌሊት በከንቱ ወጥተው አድረዋል፤ ጎረቤትም ስቆባቸዋል። ውሳኔውን ለደመናው ሌሊት ቢተዉት ኖሮ በየጊዜው አንድ ምክንያት ይገኝ ነበር፤ ሕፃኑ ተኝቷል፣ መንገዱ ጨለማ ነው፣ ባለፈው ጊዜም አልመጣም። ከካርታው ጠረጴዛም እንዲሁ ነው። ዛሬ ይህን ያህል ካጣሁ እነሣለሁ ብሎ ከቤቱ ወስኖ የመጣ ሰው አንዳንዴ ሲነሣ አይቻለሁ፤ ከጠረጴዛው ላይ ሆኖ የወሰነ ሰው ግን ሲነሣ አላየሁም።

እስካሁን ያልኩት ለሚጥለው ሰው ያደላ ይመስላል። ነገር ግን ሁልጊዜ የሚጥል ሰውም ይከስራል። መነሻው ገንዘብ አለና፤ ካርታው በታደለ ቁጥር ያስቀምጣል፣ በታደለ ቁጥርም ይተዋል። የሚያጣው ጥቂት ጥቂት ስለ ሆነ ሌላው አያይበትም፤ እርሱም ራሱን ጠንቃቃ ነኝ እያለ ያመሰግናል። ይልቁንም ሁልጊዜ እንደሚጥል የታወቀበት ሰው ባዶ እጅ ላለው ሁሉ መጫወቻ ነው። ጆን ፎን ኖይማን የተባለው ከሀንጋሪ የተወለደ የሒሳብ ሊቅ ከኦስካር ሞርገንስተርን ጋር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1944 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አስረድቷል፤ ባዶ እጅን እንደ ሙሉ አስመስሎ ገንዘብ መጨመር የተጫዋቹ ብልግና ሳይሆን የጨዋታው አንድ ክፍል ነው፤ በምንም ምክንያት ከፍሎ የማያይ ሰው ባለበት ስፍራ አስመሳይነት ያለ ቅጣት ይነግሣል። ይህ ነገር በየመሥሪያ ቤቱ የምናየው ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛ የሚመታ ሰው ባዶ እጁን የሚቀረው፣ አንድ ሰው ተነሥቶ «እስቲ መመሪያውን አሳየን» ያለው ቀን ነው። ያን ጥያቄ መጠየቅ ዋጋ ያስከፍላል፤ ሁላችንም ዝም ስንል የምንከፍለው መነሻ ግን ተደምሮ ከዚያ ይበልጣል።

እኔም ከነዚህ ከሚጥሉት ወገን ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ከያዝኩ በኋላ በማታው ክፍል ትምህርቴን እንድቀጥል ሁለት ጊዜ ዕድል አግኝቼ፣ ሁለቱንም ጊዜ «ዘንድሮ አይመችም» ብዬ ተውኩት። ምክንያቴ ሁሉ ደኅና ምክንያት ነበር። አጎቴን ስሕተተኛ ስላቸው የኖርኩ ሰው፣ እርሳቸው በመቆየት ያጡትን እኔ ባለመጀመር እንዳጣሁት ወይም እንዳላጣሁት የምመዝንበት ሚዛን የለኝም። የእርሳቸው ኪሳራ ይታያል፤ የእኔው አይታይም። በጨዋታው ሕግ የጣለ ሰው የጓደኛውን ካርታ እንዲያይ አይፈቀድለትምና። ከፍሎ ያየ ሰው ቢከስርም ለምን እንደ ከሰረ አውቆ ይነሣል፤ የጣለ ግን ትክክል ይሁን ስሕተት ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይገባል። ፓስካል ይህን ያህል አስልቶ፣ ለዚህኛው ክፍል ስንት ይከፈልበት እንደ ነበር አልነገረንም።

ባለፈው ሳምንት አጎቴ ከከዚራው ጥላ ሥር ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር ሲጫወቱ አገኘኋቸው፤ ውርርዱ የሻይ ዋጋ ነበር። አንደኛው ጓደኛቸው ገንዘብ ጨመረ። አጎቴ ካርታቸውን ለረዥም ጊዜ ተመለከቱ፤ ከዚያም በግምባሩ ደፍተው ከተጣሉት ካርታዎች ውስጥ ቀላቀሉት። ወደ ቤት ስንመለስ «ጋሼ፣ ምን ይዘው ነበር?» አልኳቸው። «ሦስት ንጉሥ» አሉኝ። ሦስት ንጉሥ በቀላሉ የሚጣል አይደለምና እውነታቸውን ይሁን ሲያሾፉብኝ ለማወቅ ፊታቸውን አየሁ። እርሳቸው ግን ከከተማው ወዲያ ወደሚሰማው የባቡር ድምፅ ጆሯቸውን አቅንተው ነበር።